ትንሿ የወይን መጭመቂያዬና የኢሳይያስ መጥመቂያ፦ ከአንድ ወቅት አጠቃቀም በኋላ

ይህችን የእጅ መጭመቂያ የገዛሁት ጭማቂ አምሮኝ አይደለም። በአንድ ቃል ተበሳጭቼ ነው።

ቃሉ «መጥመቂያ» ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «የወይን መጥመቂያ» የሚለው ከመሳፍንት እስከ ራእይ ድረስ ይመላለሳል። እኔ ሳነበው ሁልጊዜ የሚታየኝ ጋን ነበር። ትልቅ፣ አፉ የተከደነ፣ ውስጡ የሚብላላ ነገር ያለበት ጋን። ምን ላድርግ፣ በአማርኛ ያደገ ጆሮ «ጠመቀ» ሲባል የሚሰማው ማብላላትን ነው። ከዚያ ኢሳይያስ 63 ላይ አንዱ ልብሱ ቀልቶ ይመጣና መጥመቂያውን ብቻዬን ረገጥሁ ይላል። ጋን ይረገጣል እንዴ?

አብረን የምናነብ አራት ሰዎች ነን። በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ይህን ጥያቄ ሳነሳ ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ጋን አይደለም፣ መጭመቂያ ነው። ግዕዙ እኮ ምክያድ ነው የሚለው፣ ኬደ ማለት ረገጠ ነው» አሉኝ። አንዳንዱ የአማርኛ ትርጉምም «መጭመቂያ» ይለዋል፣ ይኼኛው ለእኔ ይቀርባል። ግን መጭመቂያ ሲባልም ቢሆን ምን ዓይነት? እኔ የማውቀው የሎሚ መጭመቂያ ነው። ስለዚህ ነገሩን በእጄ ልያዘው ብዬ ይህችን አዘዝኩ። ማንበብ ብቻውን የማይበቃው ሰው ገንዘቡን እንዴት እንደሚያወጣ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ስለ ዕቃዋ ልናገር። ስድስት ሊትር ገደማ የምትይዝ፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ናት። ቅርጫቷ ከቀጫጭን የእንጨት ርብራብ የተሠራ ሆኖ በሁለት የብረት ቀለበት ታስሯል። መሃሏ ላይ ጥምዝ ያለው ወፍራም ዘንግ ቆሟል። ዘንጉ ላይ ትልቅ ዳዶ አለ፣ ዳዶው ላይ ደግሞ እጀታ። እጀታውን ስታዞሩ ዳዶው ይወርዳል፣ ከሥሩ ያለውን የእንጨት ክዳን ይገፋል፣ ክዳኑ ፍሬውን ይጫናል፣ ጭማቂው በርብራቡ መሃል ወጥቶ ከታች ያለው ትሪ ላይ ይወርድና በአፉ በኩል ይንቆረቆራል። በቃ ይኸው ነው። ኤሌክትሪክ የለ፣ የሚበላሽ ነገር የለ። ሲመስል ማለቴ ነው።

ምክንያቱም ሲመጣ ቅርጫቱን የሚያያይዙት ሁለት የብረት ካስማዎች አልነበሩም። አንዱ ብቻ ነበር። ሻጩን ጻፍኩለት። «ሁለት ነው የላክነው» አለኝ። ፎቶ ላክሁ። «ማሸጊያው ውስጥ በደንብ ይፈልጉ» አለኝ። ማሸጊያውን ቀዳድጄ ፈለግሁ። በመጨረሻ ከሦስት ሳምንት በኋላ ካስማ ላከልኝ፣ ግን ቀጥኖ ቀዳዳው ውስጥ የሚዋልል ካስማ። አሁንም በወፍራም ሽቦ ነው የምጠቀመው። ለዚህ አንድ ኮከብ ቀንሻለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር። ዘለላውን አጥቤ፣ ፍሬውን ከግንዱ አላቅቄ፣ እንዳለ ቅርጫቱ ውስጥ ሞላሁና ማዞር ጀመርኩ። ክዳኑ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ቆመ። ብገፋው ጠረጴዛው ተነሳ እንጂ እሱ ንቅንቅ አላለም። ትሪው ላይ የወጣው ሁለት ማንኪያ አይሞላም። ሙሉ የወይን ፍሬ ለካ ጉልበተኛ ነው፤ ልጣጩ ካልፈነዳ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቋቋማል። መጀመሪያ መፍጨት፣ ወይም በእጅ ማፍረጥ ያስፈልጋል። መመሪያው ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ ምን ነበረበት? በአምስት ቋንቋ «ልጆች እንዳይነኩት» የሚል አለ፣ ይኼ ግን የለም።

በእጄ አፈራርጬ መልሼ ስሞላው ነገሩ ተለወጠ። እጀታውን ገና ሳልነካው ጭማቂው በራሱ ክብደት መፍሰስ ጀመረ። ከዚያ ትንሽ ማዞር፣ መጠበቅ፣ ትንሽ ማዞር፣ መጠበቅ። ቸኩላችሁ ካዞራችሁ ጭማቂው በርብራቡ መሃል ተፈናጥሮ ግድግዳ ይቀባል። በሁለት ዙር ከአሥር ኪሎ ወይን ስድስት ሊትር አካባቢ አገኘሁ። የቀረው ልጣጭና ዘር እንደ ኩበት ጠጥሮ ቅርጫቱን ሲያወልቁት በቅርጹ ይቆማል።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ግን ነበር። ጥቁር ወይን ነው የጨመቅሁት፣ የወጣው ግን ሮዝ ነው። ፈዛዛ። እኔ ደም የመሰለ ነገር ጠብቄ ነበር። ዘፍጥረት 49 ላይ ያዕቆብ ይሁዳን ሲባርክ «የወይን ደም» ይላል፣ ዘዳግም 32ም እንደዚያው። የብዙው ጥቁር ወይን ሥጋው ነጭ ነው፣ ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ቀዩ የሚመጣው ልጣጩ ሲቀጠቀጥና ከጭማቂው ጋር ሲቆይ ነው። ቶሎ አጣድፎ ለጨመቀ አይቀላለትም። ይህን ሳይ ነው ነቢዩ የሚያወራው እኔ ጠረጴዛ ላይ ስላስቀመጥኳት ዕቃ እንዳልሆነ የጠረጠርኩት።

አዎ፣ አልነበረም። የኢሳይያስ መጥመቂያ ብሎን የለውም። በጥምዝ ዘንግ የሚሠራ መጭመቂያ የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው። በ79 እ.ኤ.አ. የሞተው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ የተፈጥሮ ታሪክ በሚለው ሥራው 18ኛ መጽሐፍ ላይ ይህን ዓይነት መጭመቂያ ገና አዲስ ፈጠራ አድርጎ ነው የሚያወራው። ኢሳይያስ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዘመን የነበረ ሰው ነው። እሱ የሚያውቀው ዓለት ላይ የተፈለፈለ ወለል ነው። ወለሉ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ነው፣ ትንሽ ያዘነብላል። ከዝቅተኛው ጎን ቀጭን ቦይ ወጥቶ ከሥሩ ወዳለ ጥልቅ ጉድጓድ ይገባል። ላይ ሰዎች ይረግጣሉ፣ ታች ጭማቂው ይጠራቀማል። ዕብራይስጡ ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው፦ የሚረገጥበት «ጋት»፣ ጉድጓዱ «ዬቄብ»። ጎልያድ የመጣባት ጌት ስሟ ይኸው ጋት ነው። ጌቴሴማኒ ውስጥ ያለውም እሱ ነው፣ ያኛው ግን የዘይት መጭመቂያ ነው። ወይራ ደግሞ በእግር ብቻ አይሆንም፣ በድንጋይ ተፈጭቶ በክብደት ተጭኖ ነው። ጌታ የጸለየበት ቦታ ስሙ ራሱ መጭመቂያ መሆኑን እስከዚያ ቀን ድረስ አላስተዋልኩም ነበር።

ረጋጮቹን በደንብ ያየኋቸው ግብፅ ውስጥ ቴብስ ባለው የናኽት መቃብር ሥዕል ላይ ነው። 3,400 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሰዎቹ ገንዳ ውስጥ ቆመው ከላይ የተንጠለጠለ ገመድ ይዘዋል። ለምን ገመድ እንደያዙ አንድ ጊዜ የተፈረካከሰ ወይን ላይ የቆመ ሰው አይጠይቅም፤ ወደዚያ እመጣለሁ። ከዚያም ይቀድማል ካላችሁ አርሜኒያ ውስጥ አሬኒ የሚባል ዋሻ አለ። እዚያ የተገኘውና በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ የተደረገው የጭቃ ገንዳና ከሥሩ ያለው ጋን ከ6,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። አሠራሩ ያው ነው፣ ላይ መርገጫ፣ ታች መቀበያ። የሰው እግር ለዚህ ሥራ የተመረጠው ሌላ ስላልነበረ ብቻ አይመስለኝም። እግር ልጣጩን ያፈርጣል፣ ዘሩን ግን አይሰብርም። ዘሩ ከተሰበረ ይመራል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ጥቅሶቹን እንደገና አነበብኳቸው። ብዙዎቹ ስለ ወይን ጠጅ አይደሉም፤ ስለ እግር ናቸው። ከላይ ማን አለ፣ ከታች ማን አለ ነው ጥያቄው።

ኢሳይያስ 63ን ተመልከቱ። ከኤዶምያስ፣ ከባሶራ የሚመጣ አንድ ሰው አለ። ጠባቂው ይመስላል የሚጠይቀው፦ ማነህ? ልብስህ ለምን ቀላ? ዕብራይስጡ እዚህ ላይ ይጫወታል። ኤዶም የሚለው ስም ከ«ቀይ» ጋር ይገጥማል፣ ባሶራ የሚለውም በፊደሉ «ወይን ለቀመ» ከሚለው ጋር። ከዚያ መልሱ ይመጣል፦ ብቻዬን ነው የረገጥኩት፣ ማንም አላገዘኝም፣ የፈነጠረው ደማቸው ነው። እዚህ ላይ «ብቻዬን» የሚለው ከደሙ በላይ ነው የሚያስደነግጠው። መርገጥ የቡድን ሥራ ነበር እኮ። እየዘፈኑ፣ እየጮኹ፣ እርስ በርስ ተያይዘው ነው የሚረግጡት። ኤርምያስ 48 ላይ ሞዓብ ስትጠፋ የሚለቀሰው በመጥመቂያ ላይ እልልታ ቀረ ተብሎ ነው፣ ኢሳይያስ 16ም ይህንኑ ይላል። መጥመቂያ ዝም ካለ አገር ሞቷል ማለት ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚረግጥ ሰው፣ ያለ ዘፈን፣ ያለ ገመድ። እንዲህ ሆኖ ሲታየኝ ዓመታት ያነበብኩት ምዕራፍ አዲስ ሆነብኝ።

ሰቆቃወ ኤርምያስ 1፥15 ደግሞ ያገላብጠዋል። እዚያ የምትረገጠው ይሁዳ ራሷ ናት። ኢዩኤል 3፥13 መጥመቂያው ሞልቷልና ኑ እርገጡ ብሎ አሕዛብ ላይ ይጠራል። ራእይ 14 ይህን ሁሉ ሰብስቦ ከልክ ያሳልፈዋል፦ ደሙ እስከ ፈረስ ልጓም ከፍ ብሎ ሺህ ስድስት መቶ ምዕራፍ ይሄዳል። በዘመናችን ልኬት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። እኔ ስድስት ሊትር አውጥቼ ወገቤን ይዤ ነበር።

ቁጣ የሌለባቸውም አሉ፣ እነሱን ሰው ይረሳቸዋል። ጌዴዎን መጥመቂያ ውስጥ ተደብቆ ስንዴ ይወቃል። እህል የሚወቃው ነፋስ ባለበት ከፍታ ላይ ነው፣ መጥመቂያ ደግሞ ጉድጓድ ነው፤ ገለባው ፊቱ ላይ እየተመለሰበት ነበር ማለት ነው። መልአኩ መጥቶ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ «ኃያል ሰው» ሲለው ስቄያለሁ። በቁርኣንም ሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ እስረኛው ወይን ሲጨምቅ በሕልሙ ያያል። በኋላ ዩሱፍ ከድርቁ ዓመታት ቀጥሎ ዝናብ የሚወርድበትንና ሰዎች የሚጨምቁበትን ዓመት ያበስራል። እዚያ መጭመቅ የጥጋብ ምልክት ነው፣ ምንም የሚያስፈራ የለውም።

ግን ለእኔ ከሁሉም የከበደችው ኢዮብ 24፥11 ናት። ኢዮብ ስለ ድሆች ሲያወራ፣ መጥመቂያ ይረግጣሉ ግን ይጠማሉ ይላል። በቃ ይህን ያህል ናት። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭማቂ ውስጥ ገብቶ ጉሮሯቸው ደርቋል። ነቢያቱ ስለ ረጋጩ ቁጣ ሲናገሩ ኢዮብ ለረጋጩ ምን ደረሰው ብሎ ጠየቀ። መጽሐፉ ውስጥ ካሉት መጥመቂያዎች ሁሉ ረጋጩን እንደ ደሞዝተኛ ያየልኝ እሱ ብቻ ነው።

እሺ፣ ታዲያ የእኔ ብሎን ያላት መጭመቂያ የት ትገባለች? ይኼ ነው ግዢዬን ያዳነልኝ።

የቤተ ክርስቲያን አባቶች ኢሳይያስ 63ን ስለ ክርስቶስ ሕማም አነበቡት። ልብሱ የቀላው በራሱ ደም ነው አሉ። አውግስጢኖስ መዝሙር 8ን ሲተረጉም የመዝሙሩን ርዕስ ይዞ ይነሳል። ዕብራይስጡ «ጊቲት» የሚለውን የግሪኩ ትርጉም «ስለ መጥመቂያዎች» ብሎ ነው የመለሰው። መዝሙር 81 እና 84 ላይም እንደዚያው። አውግስጢኖስ መጥመቂያ ማለት ቤተ ክርስቲያን ናት ይላል፤ ፍሬውና ልጣጩ አብረው ገብተው እዚያ ነው የሚለያዩት። ይህን ሳነብ ቅርጫቴ ውስጥ የቀረው ኩበት ትዝ አለኝ።

ግን እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር እግር ነው። ከ12ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ሠዓሊዎች ክርስቶስን መጥመቂያ ውስጥ መሳል ይጀምራሉ። መጀመሪያ ላይ ቆሞ ይረግጣል፣ እንደ ኢሳይያስ። ከጊዜ በኋላ ግን ሥዕሉ ውስጥ የብሎን መጭመቂያ ይገባል፣ የጊዜው ገበሬ የሚጠቀምበት ዓይነት። እና ክርስቶስ ረጋጭ ሳይሆን ተጨማቂ ይሆናል። ወፍራሙ አግዳሚ እንጨት ጀርባው ላይ ነው፣ ጎንበስ ብሏል፣ ደሙ ከሥር ወዳለው ጽዋ ይወርዳል። ባንዳንዶቹ ብሎኑን የሚያዞረው እግዚአብሔር አብ ራሱ ነው። ፓሪስ ውስጥ ሴንት ኤትየን ዱ ሞን ቤተ ክርስቲያን ያለው የ17ኛው መቶ ዘመን የመስታወት ሥዕል ከእነዚህ አንዱ ነው።

ዕቃዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ይህን ሳስብ አንድ ነገር ገባኝ። በእግር ሲሆን የሚረግጠው ጀግናው ነው። ከላይ ነው ያለው፣ ልብሱ ይበላሻል ግን አሸናፊ ነው። በብሎን ሲሆን ግን ከላይ ያለው ብረት ነው፣ የሰው ዓይን የሚያየው ከሥሩ ያለውን ነው። እጀታውን ለማዞር ደግሞ መቆጣት አያስፈልግም። እኔ ሳዞር ተቆጥቼ አይደለም፣ እንዲያውም ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር። ቀስ፣ ቀስ፣ ትንሽ ጠብቅ፣ ቀስ። ለዚህ ነው መሰለኝ እነዚያ ሥዕሎች ከኢሳይያስ በላይ የሚከብዱኝ። ጋሼ በዚህ አልተስማሙም። «መሣሪያው ተቀየረ እንጂ ነገሩ ያው ነው፣ አንዱ ለሌላው ይፈሳል» አሉ። እኔ ደግሞ መሣሪያው ሲቀየር ነገሩ ይቀየራል ባይ ነኝ። እስካሁን አልተግባባንም።

እንግሊዛዊው ገጣሚ ጆርጅ ኸርበርት ይህን የተረዳ ይመስለኛል። በ1633 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ስለ ጌቴሴማኒ ሲጽፍ ኃጢአትን መጭመቂያና ሞርሳ ብሎ ይጠራዋል። ሞርሳ! የብረት ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ያለው። መላ ሰውነቱን፣ ሥሩን ሁሉ እየፈተሸ የሚያጠብቅ ነገር። ይህ ገጣሚ እጀታ አዙሮ ያውቃል ብዬ ብወራረድ አላፍርም።

ጉተንበርግም ያው ብሎን ነው። የጀርመን ከተማው ማይንዝ ወይን አገር ናት፣ በ1450ዎቹ የሠራው የኅትመት መሣሪያም የወይን መጭመቂያውን ጥምዝ ዘንግ የተዋሰ ነው። በፍሬ ፋንታ ወረቀት፣ በጭማቂ ፋንታ ቀለም። መጀመሪያ ያተመው ትልቅ ሥራ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ ማለትም ስለ መጭመቂያ የሚያወራው መጽሐፍ በመጭመቂያ ተጨምቆ ወጣ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ደስ አላቸው፣ ቢያንስ በዚህ ተስማማን።

ከልብ ወለድ ውስጥ አንድ ብቻ ላንሳ፣ ሁሉም የሚያነሳውን። የጆን ስታይንቤክ የ1939 መጽሐፍ ርዕሱ በቀጥታ ሲመለስ «የቁጣ ወይን ዘለላዎች» ነው። ርዕሱን የመረጠችለት ባለቤቱ ካሮል ናት። የወሰደችው ጁሊያ ዋርድ ሃው በ1861 ከጻፈችው የጦርነት መዝሙር ነው፣ መዝሙሩ ደግሞ ከራእይ 14። መዝሙሩ ውስጥ ጌታ መጥቶ እየረገጠ ነው፣ ጸሐፊዋ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መሃል ሆና ቁጣው በእሷ ወገን እንደሆነ አትጠራጠርም። ስታይንቤክ ጋር ግን ረጋጭ የለም። 25ኛው ምዕራፍ ላይ ፍሬው በየማሳው ይበሰብሳል፣ ሰው ይራባል፣ በሰዎች ነፍስ ውስጥ ደግሞ ዘለላው እየሞላና እየከበደ ይሄዳል። ይከብዳል ብቻ። ማን እንደሚቆርጠው፣ ማን እንደሚረግጠው አይነግረንም። ለእኔ ከመዝሙሩ ይልቅ ይኼ ያስፈራኛል። ረጋጮቹም የኢዮብ ዓይነት ናቸው፣ ለቅመው የሚራቡ።

ወደ ዕቃዋ ልመለስ፣ ረዘመብኝ።

ጽዳቷ አስቸጋሪ ነው። ርብራቡ መሃል የሚገባው ልጣጭ በብሩሽ ካልሆነ አይወጣም፣ እዚያው ከደረቀ ደግሞ ሻጋታ ያወጣል። እኔ አንድ ጊዜ ለነገ ብዬ አሳድሬ ሦስት ቀን ሰነፍኩ፣ ሽታው ጎረቤት ደረሰ። ወዲያው በሙቅ ውኃ ታጥባ፣ ተፈታታ፣ ጥላ ላይ መድረቅ አለባት። እንጨቱ ፀሐይ ላይ ይሰነጠቃል። ዳዶው ላይ ሲመጣ የተቀባው ቅባት ምን እንደሆነ አልተጻፈም፣ እኔ ጠርጌ የምግብ ዘይት ቀባሁት። ጠረጴዛ ላይ የሚያስይዟት ብሎኖች አጭር ናቸው፣ ወፍራም ጠረጴዛ ካላችሁ አይደርሱም። የብረት ሥራው ግን ጠንካራ ነው፣ ጥምዙ አንድም ጊዜ አልተንሸራተተብኝም። በወንፊት ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ፍሬውን አድርጋችሁ ብትጨምቁ ግድግዳችሁን ታተርፋላችሁ፣ ጽዳቱም በግማሽ ይቀንሳል። ከረጢቱ አብሮ አይመጣም።

ለጭማቂ ብላችሁ ከሆነ፣ ብዙ ፍሬ ያላችሁ ከሆናችሁና ትዕግሥት ካላችሁ ግዙ። ለአምስት ኪሎ ግን አያዋጣም፣ ከሥራው ጽዳቱ ይበልጣል። ጥቅሱን ልረዳበት ካላችሁ ደግሞ ግማሹን ብቻ ታስረዳችኋለች፣ የሥዕሎቹን ግማሽ። ከአምስት ሦስት ተኩል ሰጥቻታለሁ። ያንን ግማሽ የቀነስኩት በመመሪያው ነው።

የኢሳይያስን ግማሽ የት አገኘሁት? ሳፋ ውስጥ። እውነቴን ነው። በወቅቱ መጨረሻ ላይ አራት ኪሎ የሚሆን የተረፈ ወይን ነበረኝና መጭመቂያዋን ለማጠብ ስለሰነፍኩ ትልቁን ሳፋ አወጣሁ። እግሬን በሳሙና አጥቤ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ከሥር ይፈነዳል፣ ጣቶቻችሁ መሃል ይገባል፣ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ያንሸራትታል። የበሩን ጉበን ያዝኩ። የግብፆቹ ገመድ ያኔ ገባኝ። ሳፋው እንደ ዓለቱ ወለል አያዘነብልምና ጭማቂው እግሬ ሥር ነው የሚጠራቀመው፣ ስረግጥ ወደ ላይ ይረጫል። አሥር ደቂቃ ስረግጥ ቆየሁ። ልጣጩ ሲቀጠቀጥ ጊዜ ስለወሰደ ይሁን አላውቅም፣ የዚህኛው ቀለም ሮዝ አይደለም። ጠቆር ያለ ቀይ ነው።

ሱሪዬን የጠቀለልኩት ከጉልበት በታች ነበር፣ አልበቃም። በሳሙና ሳጥበው ቀዩ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ እንጂ አልለቀቀም። አሁን የቤት ሱሪ ሆኗል። ንባብ ሲኖረን ለብሼው ስገባ ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይህ ከባሶራ የሚመጣ ማን ነው?» ይሉኛል።